ስልኩ ከታካሚው እጅ ሳይወጣ፦ ከዲጂታል ጤና አገልግሎት የራቁ ታካሚዎችን የማለማመጃ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚሠሩ ነርሶች፣ ለካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችና ለበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነው። እናቱን ወይም አባቱን የሚያስታምም ሰውም አብዛኛውን ሊሠራበት ይችላል። ዓላማው ታካሚው አንድ የጤና ጉዳዩን በራሱ ስልክ፣ በራሱ ጣት፣ ማንም አጠገቡ ሳይኖር እንዲጨርስ ማድረግ ነው።

ብዙውን ጊዜ እገዛው የሚበላሸው እንዲህ ነው። ረዳቱ ስልኩን ይቀበላል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አፑን ጭኖ፣ አካውንት ከፍቶ ይመልሳል። ታካሚው አመስግኖ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አፑ የይለፍ ቃል ሲጠይቀው የሚመልሰው የለውም፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደንብ ያዙ፦ ጣታችሁ የታካሚውን ስክሪን አይንካ። ማሳየት ካስፈለገ በራሳችሁ ስልክ አሳዩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሥራው ይሄው ነው።

1. አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ

«አፑን ላስተምርዎ» ብሎ መጀመር አያዋጣም። አፕ ብዙ ነገር አለው፤ ታካሚው የሚፈልገው ግን አንዱን ነው። «በዚህ ወር ወደዚህ የሚያመላልስዎ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ ማስለወጥ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ማየት፣ መድኃኒት ሳያልቅ ማሳደስ፣ የደም ግፊት ልኬት መላክ፣ ከእነዚህ አንዱ ይሆናል። እግሩን ከመንገድ የሚያድንለት ጉዳይ ከሆነ ታካሚው ለመማር ይታገሳል።

2. ሳታሳፍሩ ጠይቁ

«ስማርት ስልክ መጠቀም ይችላሉ?» የሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ሰው በጎረቤቱ ፊት አልችልም ማለት ያፍራል። በዚህ ፈንታ ስለሚያደርገው ነገር ጠይቁት፦

– ይህ ስልክ የራስዎ ብቻ ነው ወይስ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው ይይዘዋል?
– መልእክት ሲገባ ራስዎ ያነቡታል ወይስ የሚያነብልዎ ሰው አለ?
– ዳታ የሚኖርዎ ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ?
– ቻርጅ የሚያደርጉት የት ነው?
– ስልኩ እምቢ ሲልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማንን ነው?

ከአምስቱ ትልቁ የመጨረሻው ነው። ስሙ የሚነሳው ሰው፣ ልጅም ሆነ የልጅ ልጅ ወይም ጎረቤት፣ ከእናንተ በኋላ አስተማሪው እሱ ነው፤ ከተቻለ ሲማሩ አብሮ ይቀመጥ። «መነጽሬን ረስቼው ነው» የሚላችሁ ሰው በእርግጥ ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ማንበብ የማይችልም ሊሆን ይችላል። አታጣሩ። ማንበብ በማይጠይቅ መንገድ፣ በምልክት፣ በቀለምና በድምፅ ቀጥሉ።

ሰው የጤና መረጃን በኢንተርኔት የመጠቀም ችሎታውን የሚለኩ፣ ለጥናት የሚያገለግሉ መጠይቆች አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ኖርማንና ስኪነር የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ኢሂልስ የተባለው 8 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ በ5 ደረጃ ይመለሳል፣ ድምሩም ከ8 እስከ 40 ይሆናል። የሚለካው ግን ሰው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ነው። 35 ያገኘ ሰው ውጤቱን ከፍቶ ማየት ሊያቅተው ይችላል። በአገልግሎት መስጫ ጠረጴዛ ላይ ከዚህ የሚሻለው «እስቲ ከዚህ ስልክ ወደ ቤት መልእክት ይላኩ» ብሎ ጣቱን ማየት ነው።

3. ስልኩን ፈትሹ

«አልገባኝም» ተብሎ የሚታለፈው ችግር ብዙ ጊዜ የስልኩ ነው። ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን፣ ታካሚው ራሱ እየነካ፣ እዩ።

ቀንና ሰዓት። ከሁሉ በፊት ይህን ተመልከቱ። ስልካቸውን በእጅ ወደሚቆጥሩት ቀንና ሰዓት ያዞሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩ 9:00 ሳይሆን 3:00 እንዲል፣ ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ያደርጉታል። የኢንተርኔት ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጸናበት ቀን አለው፤ ስልኩ በዓመታት ወደኋላ ከቀረ ገጹን «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ኮድ የሚሰጡ አፖችም ሰዓቱ ከተዛባ የተሳሳተ ኮድ ያወጣሉ። ሰዓቱን ኔትወርኩ እንዲሞላው አድርጉ። ታካሚው የለመደውን አቆጣጠር ማየት ከፈለገ ለብቻው የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ አፕ ይጫን እንጂ የስልኩ ሰዓት አይነካ።

ባዶ ቦታ። ከ1 ጊጋባይት በታች ከቀረ አዲስ አፕ መጫንም ነባሩን ማደስም ያስቸግራል። አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው በመልእክት መላላኪያ አፖች የገባ ቪዲዮ ነው። ከዚያ ማጽዳት ጀምሩ፤ የቤተሰብ ፎቶ ግን ባለቤቱ አይቶ «ይጥፋ» ሳይል አይጠፋም። አንዲት ፎቶ በስህተት ብትጠፋ ሁለተኛ ስልኩን አያስነካችሁም።

ፊደል። የቆዩ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው በአማርኛ የተላከውን በባዶ አራት ማዕዘን ተርታ ያሳያሉ። አንድ መልእክት እዚያው ልካችሁ አረጋግጡ። ካልታየ ለዚያ ታካሚ በድምፅ መደወል እንጂ መልእክት መላክ ዋጋ የለውም።

የፊደል መጠን። በሴቲንግ ውስጥ ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ አፑን ከፍታችሁ እዩ። አንዳንድ አፕ ፊደሉ ሲተልቅ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይደብቀዋል። እንዲህ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ ወይም ገጹን ወደ ላይ መግፋትን የትምህርቱ አካል አድርጉት።

የጣት ጉዳይ። በእድሜ ወይም በሥራ የደረቀና የሻከረ ጣት ስክሪኑ ላይ በቀላሉ አይሠራም። በተጨማሪ ቀስ ብሎ የሚነካ ሰው ጣቱን ስለሚያቆየው ስልኩ «ተጭኖ መያዝ» አድርጎ ይረዳውና ሌላ ዝርዝር ይከፍታል። ታካሚው «እኔ ስነካው እምቢ ይላል» የሚለው ለዚህ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች የተደራሽነት ሴቲንግ ውስጥ ተጭኖ የመያዣውን ጊዜ ማርዘም ይቻላል። ይህን አንድ ነገር በማስተካከል ብቻ ለውጡ ወዲያው የሚታይባቸው አዛውንቶች አሉ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ አንድ የአፕ ምልክት ተጭኖ ይዞ በስክሪኑ ሁሉ መጎተት፤ ምልክቱ የሚወድቅበት ቦታ የሞተ ነው።

ዳታ። አፖች በራሳቸው የሚታደሱት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ። አለዚያ ለጤናው የተሞላው ዳታ ማንም ሳይነካው በሌሊት ያልቃል።

4. ቁጥር፣ አካውንት፣ ኮድ

መዝገብ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር «ትክክል ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እዚያው ደውሉበት። የታካሚው ኪስ ውስጥ ካልጮኸ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራን ቁጥር የቴሌኮም ድርጅቶች ለሌላ ደንበኛ ይሰጡታል፤ የድሮ ቁጥር መዝገብ ላይ ከቀረ የታካሚው ምስጢር ለማያውቁት ሰው ይላካል።

የአንድሮይድ ስልክ ላይ የጉግል አካውንት ማን እንደከፈተው ጠይቁ። ስልኩን የሸጠው ሰው ወይም ዘመድ ከፍቶት የይለፍ ቃሉን ማንም የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ለጊዜው ችግር አይታይም። ስልኩ አንድ ቀን ከሴቲንጉ ውጭ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲነሳ ግን የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል፤ ያኔ ስልኩ ራሱ ተቆልፎ ይቀራል። አካውንቱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የታካሚው የሆነ አዲስ አካውንት ይጨመር፣ መልሶ ማግኛ ቁጥሩም የራሱ ይሁን።

የይለፍ ቃል በግዕዝ ፊደል አይሁን። በአንድ ስልክ የተጻፈውን በሌላ ስልክ ኪቦርድ መድገም ስለሚያስቸግር ነው። ስድስት አኃዝ የሚፈቅድ ከሆነ የትውልድ ዓመትንና 123456ን ከልክሉ። በወረቀት ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ያከራክራል። የእኛ አቋም ይጻፍ ነው፤ ቤት ውስጥ የመታወቂያ ወረቀት ከሚቀመጥበት ጋር ይቀመጥ፣ ከስልኩ ሽፋን ጀርባ ግን አይሁን። የተረሳ የይለፍ ቃል ያስቀረው ሕክምና ከቤት ከተሰረቀ ወረቀት ይበልጣል።

በመልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ታካሚው ኮዱን ሊያይ ወደ መልእክት ሳጥን ሲሄድ አፑ ገጹን ይዘጋውና እንደገና ሌላ ኮድ ይልካል፤ የድሮው ኮድ ከዚያ በኋላ አይሠራም። መፍትሔው ኮዱን ከስክሪኑ አናት ብቅ ሲል ከዚያው ማንበብ ነው፤ ካመለጠ ጣትን ከላይ ወደ ታች ስቦ ማየት። ይህን ለብቻው ሁለት ሦስቴ አለማምዱ። ሁለተኛው የእናንተ ጥፋት ነው፦ «ኮዱን ይንገሩኝ፣ እኔ ላስገባው» ማለት። ዛሬ ለእናንተ ኮድ የነገረ ሰው ነገ «ከሆስፒታል ነው» ብሎ ለሚደውል አጭበርባሪም ይነግራል። ኮዱን ሲያስገባ ፊታችሁን አዙሩ፤ «ለእኔም ቢሆን አይንገሩኝ» በሉት።

5. ልምምዱ

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መድቡ፤ ከዚያ ካለፈ ይደክማል። ጉዳዩን ከአራት እስከ ስድስት ንክኪ ከፋፍሉት። ቀጠሮ ማስለወጥ ለምሳሌ፦ አፑን መክፈት፣ የቀን መቁጠሪያውን ምልክት መንካት፣ ያለውን ቀጠሮ መንካት፣ አዲስ ቀን መምረጥ፣ ማረጋገጥ። «ሜኑ»፣ «ፕሮፋይል» የሚሉ ስሞችን ተዉ፤ «ከላይ በግራ ያሉት ሦስት መስመሮች»፣ «አረንጓዴው ክብ» በሉ።

ሦስት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው በራሳችሁ ስልክ እያሳያችሁ ታካሚው ያያል። በሁለተኛው ታካሚው በራሱ ስልክ ይሠራል፣ እናንተ በቃል ትመራላችሁ። በሦስተኛው ዝም ትላላችሁ። ይህ ሦስተኛው ዙር ለረዳት ከባድ ነው፤ ታካሚው ሲያመነታ አፍ ይበላል። ቢያንስ አሥር ሰኮንድ ታገሡ። ሲጨርስ «ገባዎ?» አትበሉት። «እስቲ ማታ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ያሳዩታል?» በሉትና ይናገር። የዘለለው እርምጃ ካለ ያልተማረው እሱን ነው፤ ያስረዳችሁበት መንገድ አልሠራምና በሌላ መንገድ ድገሙት።

ሳይማሩት የሚቀረው ትልቁ ነገር ግን መመለስ ነው። ሰው ወደማያውቀው ገጽ ሲገባ ይደነግጥና ስልኩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሆን ብላችሁ እንዲጠፋ አድርጉ፦ ያገኘውን ይንካ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ወይም ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚወስደውን እየተጠቀመ ይውጣ። «ነክቼ አበላሸዋለሁ» የሚለው ፍርሃት የሚለቀው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ የሚያስከፍልና የሚያጠፋ ቁልፍ ብቻ ለይታችሁ አሳዩት።

በመጨረሻ የመዳፍ ያህል ወረቀት ላይ ንክኪዎቹን በተራ፣ ምልክታቸውን እየሣላችሁ ስጡት። ቢችል ራሱ ይሣል። አፑ ሲታደስ የቁልፎች ቦታ ስለሚቀየር ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፉበት።

6. የምትልኩት መልእክት

አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። አንድ እንኳ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ በ67 በ67 እየተቆራረጠ ይላካል፣ ዋጋውም በቁራጩ ልክ ይባዛል። አንዳንድ ተራ ስልክ ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ስለማያገናኛቸው ሰዓቱ ከቀኑ ቀድሞ ሊነበብ ይችላል። ይህኛው 48 ምልክት ነው፦

«ቀጠሮዎ ሐሙስ ግንቦት 7፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ካልተመቸዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።»

የሳምንቱ ቀን፣ ወሩ፣ «ጠዋት» የሚለው ቃል ሁሉም አሉ። 9:00 ብሎ መጻፍ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ታካሚ ያመጣል። የበሽታው ስም፣ የክፍሉ ስምና የመድኃኒቱ ስም ግን የሉም።

7. የጋራ ስልክና ምስጢር

ስልኩ የጋራ ከሆነ መልእክቱን ማን እንደሚያነበው አታውቁም። የኤችአይቪ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የአእምሮ ጤና ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ ያለባት ታካሚ በአንዲት መልእክት ልትጎዳ ትችላለች። ብቻዋን ስትሆን ጠይቋት፦ «በዚህ ስልክ ብንደውል ማን ያነሳል? እኛ ማን ነን እንበል?» የምትለውን መዝገቡ ላይ ጻፉና የሚደውለው ሁሉ ያክብረው። በስማርት ስልክ ላይ የመልእክቱ ይዘት በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፤ ይህንን እዚያው አስተካክሉ።

አስታማሚ እንዲያግዝ ሲፈለግ ሁሉም የሚያደርገው የይለፍ ቃሉን መስጠት ነው። አሠራሩ ከፈቀደ ለአስታማሚው የራሱ መግቢያ ይከፈትለት፤ ታካሚው የትኛውን እንዲያይ እንደፈቀደ ይጻፍ፣ ሲፈልግ እንደሚሰርዘውም ይነገረው።

8. የቪዲዮ ቀጠሮ

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ንገሩት። በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰኮንድ 600 ኪሎቢት የሚወስድ የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ 9 ሜጋባይት ይበላል፤ 15 ደቂቃ ሲሆን 135 ሜጋባይት። ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ በ40 ኪሎቢት ስሌት፣ ለዚያው 15 ደቂቃ 9 ሜጋባይት ይበቃል። ሐኪሙ ቁስል፣ እብጠት ወይም አረማመድ ማየት ካላስፈለገው ድምፅ ይበልጣል፤ የተቆራረጠ ቪዲዮ ለማንም አይጠቅምም።

ከቀጠሮው ቀን በፊት የሁለት ደቂቃ ሙከራ አድርጉ። ካሜራና ማይክሮፎን እንዲከፈት ስልኩ ፈቃድ ሲጠይቅ ብዙ ሰው በፍርሃት «አይ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ አፑ ዳግመኛ ላይጠይቅ ይችላልና ፈቃዱን ከሴቲንግ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ብርሃን ከፊት ይሁን እንጂ ከጀርባ አይሁን። ስልኩ እንደ ብርጭቆ ባለ ነገር ይደገፍ፤ በእጅ የተያዘ ስልክ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጣሪያ ነው የሚያሳየው። ቻርጁ ይሞላ፣ መድኃኒቶቹ አጠገብ ይሁኑ። «ቢቋረጥ እርስዎ አይደውሉ፣ እኛ በተራ ጥሪ እንደውላለን» የሚለው ስምምነት ካልተደረገ ሁለቱም ወገን እየደወለ መስመሩ እንደተያዘ ይውላል።

9. ውጤትና ወሬ

ውጤት በስልክ የሚደርስ ከሆነ ታካሚው ከሐኪሙ በፊት ሊያየው ይችላል። ቀይ ቀለም ወይም ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚል ምልክት ከተለመደው ወሰን ወጥቷል ማለት እንጂ በሽታ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ቀድማችሁ አስረዱ። መለኪያውንም አሳዩ። የደም ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር 126 ሲሆን በሚሊሞል በሊትር 7.0 ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ በ18 የተካፈለ ነው። የቤት መለኪያው በአንዱ፣ ላቦራቶሪው በሌላው ሲጽፍ «ስኳሬ ወረደ» ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው አለ።

በኢንተርኔት ላይ ለሚገኝ ምክር ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ማን ነው የሚናገረው? መቼ ነው የተነገረው? የሚሸጠው ነገር አለ? በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የሚወጡት አንዳንዶቹ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ጥያቄ የሚመልሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አፖች ስህተቱንም ትክክሉንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ስለሚናገሩ፣ ከእነሱ የተገኘ ነገር ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ ይሁን እንጂ የመድኃኒት መጠን አይቀይር። ስምና የካርድ ቁጥርም አይጻፍባቸው።

10. ስማርት ስልክ ለሌለው

ተራ ስልክ ያለው ሰው በኮከብና በመሰላል የሚደወሉ የኮድ አገልግሎቶችን ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይችላል። ችግሩ ጊዜ ነው፤ አንብቦ እስኪመርጥ ክፍለ ጊዜው ይዘጋል። የምርጫ ቁጥሮቹን በተራ በወረቀት ጻፉለት፣ ሳያነብ ይጫናቸዋል። ማንበብ ለማይችል የተቀዳ ድምፅ ይሻላል፤ መጀመሪያ ጉዳዩ ይነገር፣ ቁጥሩ ከዚያ ይከተል፦ «ቀጠሮ ለመለወጥ 1ን ይጫኑ»። ተገላቢጦሹ ከሆነ ቁጥሩን ሰምቶ ይረሳዋል።

ምንም ስልክ ለሌለው ወይም ለማይፈልግ የወረቀትና የአካል መንገዱ ሙሉ ሆኖ ይቆይ። በአፕ የተመዘገበ ቀድሞ፣ በአካል የመጣ ተሰልፎ የሚስተናገድበት አሠራር የታመመውን የበለጠ ያደክመዋል፤ በየቀኑ ለእነሱ የተተወ የቀጠሮ ቦታ ይኑር።

11. ክትትል

በሳምንቱ ደውሉ። «እየተጠቀሙበት ነው?» ሳይሆን «መጨረሻ የከፈቱት መቼ ነው? ምን አሳየዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ከምዝገባ በፊት ያንኑ ጉዳይ ፊታችሁ ያድርግ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ከአራቱ አንዱን ጻፉ፦ በራሱ፣ በአስታማሚ እገዛ፣ በድምፅ ጥሪ ብቻ፣ በወረቀት። የሚላክለት ነገር ሁሉ በዚህ ይመራ። ስልክ ሲቀይር፣ ሲም ሲጠፋበት ወይም የሚያግዘው ሰው ከቤት ሲወጣ ይህ ጽሑፍ ያረጃልና በየጉብኝቱ «ስልክዎ ያው ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ካርዱን የሚያወጣው ሠራተኛ ይጠይቃት።